የልጆቻችሁ የደም ግፊት ተለክቶ ያውቃል?



ደም ግፊት ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው አያቶቻችንን ነው፤ ጨው ያልበዛበት ወጥ ለብቻ የሚሠራላቸውን፣ ክኒናቸውን በመሐረብ ጫፍ ቋጥረው የሚዞሩትን ትልልቅ ሰዎች። በአዋሽም ሆነ በሰመራ በመድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ቆሜ ስለ ልጅ ደም ግፊት ባነሳሁ ቁጥር የምሰማው ምላሽ አንድ ዓይነት ነው፦ «ልጅ ደግሞ ምን አሳስቦት ደም ግፊት ይይዘዋል?» አባባሉ ደም ግፊትን የሐሳብ በሽታ ብቻ ስለሚያደርገው የታመመውን ልጅ ሳንለካው እንድናልፍ ያደርገናል። የልጅ ደም ግፊት ግን ብዙ ጊዜ መነሻው ሐሳብ ሳይሆን ኩላሊት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 በአገራችን በተካሄደው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ጥናት፣ ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆናቸው ሰዎች ወደ 16 በመቶ የሚሆኑት የደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ልብ በሉ፤ ጥናቱ የጀመረው ከ15 ዓመት ነው። ከዚያ በታች ያሉት አልተለኩም። በተለያዩ የዓለም ክፍሎች የተደረጉ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ ከ19 ዓመት በታች ካሉ 100 ልጆች መካከል ወደ 4 የሚሆኑት የደም ግፊት አለባቸው። በአንድ መድረሳ 100 ልጆች ቢኖሩ አራቱ ማለት ነው። እነዚህ ልጆች ይሮጣሉ፣ ይጫወታሉ፣ ቁርኣናቸውን ይቀራሉ፤ አብዛኞቹ ምንም የሚያማቸው ነገር የለም።

ቁጥሩ እንደ አዋቂ አይነበብም

የደም ግፊት ማለት ልብ ደምን ወደ ሰውነት ስትገፋ ደሙ የደም ሥሮችን ግድግዳ የሚጫንበት ኃይል ነው። ከፍ ያለው ቁጥር ልብ ስትኮማተር፣ ዝቅ ያለው ደግሞ ልብ ስታርፍ የሚለካ ነው። ይህን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ብዙ ሰው የማያውቀው የልጅ ልኬት ከአዋቂው የተለየ መሆኑን ነው።

የ30 ዓመት ሰው ተለክቶ 110 በ70 ቢገኝ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይኸው ቁጥር በ5 ዓመት ልጅ ላይ ሲገኝ ግን ልጁ እንደገና መለካት አለበት። ለ5 ዓመት ልጅ 103 በ63 አካባቢ፣ ለ10 ዓመት ልጅ ደግሞ 108 በ72 አካባቢ ሲደርስ ሐኪሙ የልጁን ዕድሜ፣ ፆታና ቁመት ይዞ ወደ ሰንጠረዥ መሄድ ይገባዋል። ቁመት የሚታየው ረዘም ያለ ልጅ በተፈጥሮው ግፊቱ ትንሽ ከፍ ስለሚል ነው። ልጁ 13 ዓመት ከሞላው በኋላ ነገሩ ይቀላል፤ ከ120 በ80 በታች ጤናማ ነው፣ ከ130 በ80 ጀምሮ በተደጋጋሚ ከተገኘ ደም ግፊት ይባላል።

አለካኩም የራሱ ሥርዓት አለው። ክንድ ላይ የሚጠቀለለው ጨርቅ ለልጁ ክንድ የሚመጥን መሆን አለበት። በውስጡ ያለው አየር የሚገባበት ጎማ ወርዱ ከክንዱ ዙሪያ ቢያንስ 40 በመቶ፣ ርዝመቱም ከ80 እስከ 100 በመቶ የሚሆነውን መሸፈን ይኖርበታል። የአዋቂ መጠቅለያ በቀጭን የልጅ ክንድ ላይ ከታሰረ ግፊቱን ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ ያሳያል፤ በሽታው ተደብቆ ያልፋል። በተቃራኒው ጠባቡ መጠቅለያ በወፍራም ክንድ ላይ ከፍ አድርጎ ያሳይና ጤነኛውን ልጅ በሽተኛ ያሰኘዋል። ስለዚህ ለመለካት ስትሄዱ «የልጅ መጠቅለያ አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ነውር የለውም። ልጁ ሽንቱን ሸንቶ፣ ጀርባውን አስደግፎ፣ እግሮቹ መሬት ነክተው፣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ዝም ብሎ ከተቀመጠ በኋላ በቀኝ ክንዱ ይለካል። ከፀሐይ እየሮጠ የገባ፣ የሚያለቅስ ወይም ነጭ ጋውን የፈራ ልጅ ቁጥሩ ከፍ ይላል። አንድ ጊዜ ከፍ ብሎ መገኘትም ብቻውን በሽታ አይባልም፤ በሌላ ቀን፣ በድጋሚም በሦስተኛ ቀን ከፍ ብሎ ሲገኝ ነው። የራስ ምታት፣ ማስታወክ፣ የዓይን መጋረድ ወይም መንቀጥቀጥ ካለ ግን ሦስተኛ ቀን አይጠበቅም፤ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ነው።

ባለሙያዎች የሚመክሩት ልጅ 3 ዓመት ከሞላው ጀምሮ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲለካ ነው። ያለ ጊዜው ወይም አነስተኛ ክብደት ይዞ የተወለደ፣ ኩላሊቱን ታሞ የሚያውቅና ከመጠን በላይ የወፈረ ልጅ ደግሞ በየቀጠሮው ሊለካ ይገባዋል።

«ማሻ አላህ፣ ወፈረ» ከማለታችሁ በፊት

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። በትንንሽ ልጆች ላይ የሚታይ ደም ግፊት ብዙውን ጊዜ ራሱን የቻለ በሽታ ሳይሆን የሌላ በሽታ መልእክተኛ ነው። በእኛ አካባቢ ሁላችንም ልናውቀው የሚገባው አንደኛው መነሻ ከቆዳ ቁስልና ከቶንሲል በኋላ የሚመጣው የኩላሊት መቆጣት ነው።

በአዋሽ ሸለቆ ሙቀቱ፣ ላቡ፣ አቧራውና የውኃው እጥረት ተደማምረው የልጆችን ቆዳ ያሠቃያሉ። ትንኝ ነክሶት ያከከው፣ እከክ የወጣበት ወይም እሾህ የጫረው ቦታ መግል ይቋጥራል፤ ከዚያም ቢጫ ቅርፊት ይሠራል። ብዙ እናቶች «ይደርቃል» ብለው ይተዉታል፤ እውነትም ይደርቃል። ነገር ግን ቁስሉን ያመጣው ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ተህዋስ ከሆነ፣ ሰውነት እሱን ለመዋጋት ያዘጋጀው መከላከያ በኩላሊት ማጣሪያዎች ላይ ተቀምጦ ያስቆጣቸዋል። የተቆጣ ኩላሊት ውኃና ጨው ማስወጣት ይሳነዋል። ያልወጣው ውኃና ጨው በደም ሥር ውስጥ ሲከማች ግፊቱ ይወጣል። ማጣሪያውም ስለሚያፈስ ደም ከሽንት ጋር ይወርዳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ቁስሉ ከታየ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ነው፤ ከቶንሲል በኋላ ከሆነ ደግሞ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ። ቁስሉ በዚያን ጊዜ ድኖ ተረስቷልና ማንም ሁለቱን አያገናኛቸውም።

ምልክቱን ልብ ብላችሁ አንብቡልኝ። ልጁ ጠዋት ሲነሳ የዓይኑ ዙሪያና ፊቱ ያብጣል፤ ከቀትር በኋላ እብጠቱ ይቀንሳል ወይም ወደ እግር ይወርዳል። ሽንቱ ይቀንሳል፣ ቀለሙም ወተት እንዳልገባበት ጥቁር ሻይ ወይም እንደ ኮካ ኮላ ይሆናል። ፊቱ ሞላ ሲል የተመለከተ ጎረቤት «ማሻ አላህ፣ ልጅሽ ወፈረልሽ» ይላል፤ እናትም ደስ ይላታል። ሌላው ደግሞ «ዓይን በልቶት ነው» ይልና ሩቅያ ያስቀራል። ሩቅያ ማስቀራቱ ከሕክምና የሚያስቀር አይደለም፤ ሁለቱንም ማድረግ ይቻላል። የማይቻለው እያበጠ ያለን ልጅ ቤት ማስቀመጥ ነው። በዚህ ጊዜ ግፊቱ በድንገት ወጥቶ ልጁን ሊያንቀጠቅጠው፣ ውኃውም ሳንባ ላይ ደርሶ ትንፋሽ ሊያሳጥረው ይችላል።

ጤና ጣቢያ የሚደረገው ምርመራ ውድ አይደለም፤ ግፊት መለካትና ሽንት ማየት ነው። ከዚያ በላይ ካስፈለገ ከሰመራና ሎግያ ብዙ የማይርቀው ዱብቲ ሆስፒታል አለ፤ ከአዋሽ ደግሞ ወደ አዳማ መሄድ ይቻላል። አልሐምዱሊላህ፣ በጊዜው ከተደረሰበት አብዛኛው ልጅ ሙሉ በሙሉ ይድናል። ሐኪሙ ጨውና ፈሳሽ ይቀንስለታል፣ እንደ ፉሮሴማይድ ያለ ሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ግፊቱም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይወርዳል። በሽንት ውስጥ በዓይን የማይታይ ደም ግን ለወራት ሊቆይ ስለሚችል ቀጠሮውን እንዳታቋርጡ።

ሐኪም ፊት ስትቀርቡ ዳጉ እንደምትለዋወጡ ሁኑ። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ሳያስቀር ይነግራል፤ የትኛው ጉድጓድ ውኃ አለው፣ የት ዘነበ፣ ማን ታመመ። በሕክምና ክፍል ግን ብዙ እናቶች «ፊቱ አበጠ» ብለው ያበቃሉ። ባለፈው ወር እግሩ ላይ ቁስል እንደነበረ፣ ከረመዳን በፊት ጉሮሮውን ታሞ እንደነበረ፣ ሽንቱ ስንት ቀን እንደጠቆረ፣ ቤት ውስጥ ምን መድኃኒት እንደሰጣችሁት ሁሉንም ንገሩ።

ከኩላሊት ሌላ ከሚታወቁት መነሻዎች አንዱ ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር ከትውልድ ጀምሮ መጥበቡ ነው። ይህ ያለበት ልጅ በክንዱ ሲለካ ግፊቱ ከፍ ይላል፣ በእግሩ ግን ዝቅ ይላል፤ የእግሩ የደም ትርታም ይደክማል። ስለዚህ ክንዱ ላይ ከፍ ብሎ የተገኘ ልጅ እግሩም መለካት አለበት። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው የልብ ማዕከል ከተከፈተበት ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ የልብ ሕሙማን ልጆች በአገር ውስጥ የሚታከሙበት ቦታ አለ።

እኛው የምንሸጠው መድኃኒት

በሙያዬ ላይ ልናገርና፣ አንዳንድ ደም ግፊት ከመድኃኒት ቤት መደርደሪያ የሚመጣ ነው። አንዳንድ ወጣት ሴቶች ለመወፈር ብለው የሚውጡት ዴክሳሜታዞን ውኃና ጨው ያከማቻል፣ ፊትን ያሳብጣል፣ ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ስኳርንም ይጨምራል። ያ ክብደት ሥጋ አይደለም። ለሳምንታት የወሰደችው ልጅ ደግሞ በድንገት ማቆም የለባትም፤ ሰውነቷ የራሱን ሆርሞን ማምረት ስላቆመ ልትወድቅ ትችላለች። ለሐኪም ነግራ ቀስ በቀስ ትቀንሰው። ለጉንፋን የሚወሰዱ፣ አፍንጫ የሚከፍቱ አንዳንድ ክኒኖችና ሽሮፖችም ግፊት ይጨምራሉ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን በሙቀት ውኃ ያጠረውን ልጅ ኩላሊት ይጎዳሉ። ለራስ ምታት ፓራሲታሞል በክብደቱ ልክ ይበቃዋል።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን የአያትን ክኒን ለልጅ ማካፈል ነው። «ግማሹን ብሰጠው ምን አለበት?» ትላላችሁ። የልጅ መድኃኒት በኪሎ ግራም ተሰልቶ የሚሰጥ ነው። ከፍ ብሎ የቆየን ግፊት በአንድ ጊዜ መጣል ደግሞ ወደ አንጎል የሚሄደውን ደም ይቀንሳል።

በጨው አገር ስለ ጨው

ከ12 እና 13 ዓመት በላይ ባሉት ላይ ሁኔታው ይለወጣል። በእነርሱ ላይ ደም ግፊት የሚመጣው በአመዛኙ እንደ አዋቂው ነው፤ ከቤተሰብ በሚወረስ ዝንባሌ፣ ከክብደት፣ ከምግብና ከኑሮ። የእንስሳት ወተት ጠጥቶ በእግሩ ሲጓዝ የሚውለው የገጠር ልጅና በሎግያ ወይም በአዋሽ ሱቅ ደጃፍ ኢንዶሚና ቺፕስ እየበላ ለስላሳ የሚጠጣው ልጅ አንድ አይደሉም። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ወደ 30 ግራም ስኳር ይይዛል።

የአፍዴራ ጨው የኢትዮጵያን ማዕድ የሚያጣፍጥ መሆኑ ለክልላችን ኩራት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚፈቅደው ግን በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ ይህም በምግብ፣ በዳቦና በቅመም ያለው ሁሉ ተደምሮ አንድ የሻይ ማንኪያ ሳይሞላ ማለት ነው። ለልጅ ከዚህም ያንሳል። ከላይ የጠቀስኩት የ2015 ጥናት ያሳየው ኢትዮጵያዊ አዋቂ በአማካይ በቀን ከ8 ግራም በላይ እንደሚወስድ ነው። «እዚህ እኮ ሙቀት ነው፣ በላብ የሚወጣውን ጨው መተካት አለብን» የሚል ክርክር ሁልጊዜ ይገጥመኛል። ላብ በብዛት የሚያስወጣው ውኃ ነው፤ የሚወጣውን ትንሽ ጨው የዕለት ምግባችን ከበቂ በላይ ይተካዋል። ጨውና ስኳር የተቀላቀለበት ኦ.አር.ኤስ. ለተቅማጥ እንጂ ለጥም አይደለም።

ጨው የሚገባው በጨው ዕቃ ብቻ አይደለም። በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፤ ወጡ ላይ ደግሞ ሌላ እንጨምራለን። ማጊ የምንለው የሾርባ ቅመም ከግማሽ በላዩ ጨው ነው። በረመዳን ለፊጥራ የሚሠራውን ሾርባ አስቡት፦ ሁለት ማጊ፣ ከዚያ ጨው፣ አጠገቡ ሳምቡሳ። ማጊውን ትታችሁ በነጭ ሽንኩርት፣ በድንብላል፣ በሎሚና በቲማቲም አጣፍጡት፤ ልጆቹ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይለምዱታል። የታሸገ ነገር ስትገዙ «ሶዲየም» ከሚለው ፊት ያለውን ቁጥር በ2 ተኩል ብታባዙት የጨውን መጠን ታገኛላችሁ። አዮዲን ያለበትን ጨው ግን አትተዉት፤ ልጆች ለአእምሯቸው ያስፈልጋቸዋል። መቀነስ ያለበት መጠኑ ነው። አሞሌም ሆነ ከውጭ የሚመጣው ሮዝ ጨው ግፊትን በመጨመር ልዩነት የላቸውም።

ጫት ላይ ብዙ አልሄድም፤ ዑለማዎቻችን የሚሉትን ትሰማላችሁ። በጤና በኩል ያለው ይህ ነው፦ በቅጠሉ ያለው ካቲኖን የደም ሥርን ያጠባል፣ የልብ ምትን ያፈጥናል፣ ቃሚው በተቀመጠበት ሰዓት ግፊቱ ይወጣል። ለፈተና ሌሊቱን ጫት ከኃይል ሰጪ መጠጥ ጋር የሚወስድ የ16 ዓመት ልጅ ሁለት አነቃቂ ደራርቦ፣ እንቅልፉንም አጥቶ ያድራል። ከዐስር በኋላ ሙቀቱ በረድ ሲል እስከ መግሪብ ኳስ መጫወት ይበልጥ ይጠቅመዋል። ሴት ልጆቻችንም መንቀሳቀሻ ቦታና ሰዓት ያስፈልጋቸዋል፤ ይህ ጉዳይ ሲነሳ ሁልጊዜ እነርሱ ይረሳሉ።

በለጋ ዕድሜዋ ያረገዘች

በክልላችን በ16 እና በ17 ዓመታቸው የሚያረግዙ ልጆች አሉና ስለ እነርሱ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በለጋ ዕድሜ የሚመጣ የመጀመሪያ እርግዝና ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ለሚከሰተው የእርግዝና ደም ግፊት ይበልጥ የተጋለጠ ነው። 140 በ90 ከደረሰ አደገኛ ነው። የማይለቅ ራስ ምታት፣ ዓይን ላይ ብልጭታ ወይም ጭጋግ፣ ከጎድን አጥንት በታች የቀኝ ጎን ሕመም፣ የፊትና የእጅ እብጠት ከታየ ሌሊትም ቢሆን መኪና ፈልጉላት። ቀጣዩ መንቀጥቀጥ ነው፤ ጂንም አይደለም፣ የሚጥል በሽታም አይደለም። በጤና ተቋም ማግኒዚየም ሰልፌት የተባለ መርፌ ይህን ይከላከላል። በየክትትሉ ግፊቷ መለካቱንና ሽንቷ መታየቱን ባሏም ሆነ አማቷ ይጠይቁ። ለደም ግፊት ኢናላፕሪል ትወስድ የነበረች ልጅ ማርገዟን እንዳወቀች በዚያው ቀን ለሐኪም ትናገር፤ ክኒኑ የፅንሱን ኩላሊት ስለሚጎዳ በሌላ ይቀየርላታል።

ክኒን የታዘዘለት ልጅ ካለ

ሁሉም ልጅ መድኃኒት አያስፈልገውም፤ ለብዙ ወጣቶች የምግቡና የክብደቱ ነገር ለጥቂት ወራት ይሞከራል። የታዘዘለት ልጅ ግን ደህና ሆንኩ ብሎ ማቋረጥ የለበትም። በረመዳን በቀን አንዴ የሚወሰደውን ክኒን ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ወደ ፊጥራ ወይም ወደ ስሑር ማዛወር ይቻላል። ሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት የሚወስድ ወይም ኩላሊቱ የተቆጣ ልጅ በሰመራ ሙቀት መጾም ያደርቀዋል፤ በሱረቱል በቀራ ለታመመ ሰው የተሰጠው ፈቃድ እሱንም ይመለከታል፤ ሐኪምም ዓሊምም ጠይቁ።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ፤ አብዛኛው ክኒን የሚቀመጠው ከ30 ዲግሪ በታች ነው፣ የእኛ በጋ ደግሞ ከ40 ያልፋል። መድኃኒቱን በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በመስኮት ላይ ወይም በመኪና ውስጥ አትተዉት። ማቀዝቀዣ ከሌላችሁ ክኒኑን ከነማሸጊያው ውኃ በማያስገባ ፌስታል ጠቅልላችሁ በመጠጥ ውኃው ማሰሮ አጠገብ፣ በጥላ ሥር፣ ትንንሽ ልጆች በማይደርሱበት ከፍታ ላይ አስቀምጡት። የአንድ ወር ብቻ ግዙ፤ ቀለሙ የተለወጠ ወይም የተፈረፈረ ካገኛችሁ ወደ ገዛችሁበት መድኃኒት ቤት ይዛችሁት ተመለሱ።